የሚነሣ ከተማ፣ የሚጸና ደን

አፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 ዙፋኑን ከያዙበት ጊዜ አንሥቶ አፄ ፋሲለደስ በ1636 ገደማ ጎንደርን እስከ ቆረቆሩበት ድረስ የኢትዮጵያ ነገሥታት አገር ያስተዳደሩት በአመዛኙ ከድንኳን ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንጉሡ፣ ዳኞቹ፣ ካህናቱ፣ ጸሐፊዎቹና ሠራዊቱ አብረው እየተጓዙ ውሃ፣ ሣርና እንጨት በሚገኝበት ሜዳ ይሰፍራሉ። ሰፈሩ ከተማ ይባላል፤ ሲነሣ ግን ከጉልቻና ከአመድ በቀር እምብዛም የሚተወው ነገር የለም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ የጭነት ከብት በጭቃ ይያዛል፤ ስለዚህ እስከ መስከረም ድረስ ሰፈሩ ባለበት ይረጋል። ከነገሥታቱ መካከል በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ የተቀመጡም አሉ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የዘመናቸውን የመጨረሻ ዓመታት ያሳለፉት በደብረ ብርሃን ነው፤ ልጃቸው አፄ በእደ ማርያም ግን ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

ለዚህ አኗኗር ዋናው ምክንያት ስንቅ ነው። ግብር የሚከፈለው በእህል፣ በከብትና በማር ነበር። እህል ከሩቅ አውራጃ በአህያና በሰው ትከሻ ሲመጣ ገሚሱን አጓጓዦቹ በመንገድ ይበሉታል፤ ስለዚህ እህሉ ወደ ንጉሡ ከሚመጣ ንጉሡ ወደ እህሉ ቢሄድ ይቀላል። ሁለተኛው ምክንያት መታየት ነው። የሩቅ አገር ገዥ የሚታዘዘው ንጉሡ በማንኛውም ዓመት ከነሠራዊቱ ደጃፉ ድረስ ሊመጣ እንደሚችል ሲያውቅ ነበር። ፍርድ የጎደለበት ባላገርም አቤቱታውን ይዞ ሰፈሩ ወዳለበት ይገሠግሳል።

የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል አገር ሲገቡ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብሯቸው ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ስለ ድንኳን ከተማው ከተጻፉት ምስክርነቶች እንደ እርሱ ዝርዝር የያዘ ጥቂት ነው። በአልቫሬዝ አገላለጽ ሰፈሩ የትም ቢተከል መልኩ አይለወጥም። መጀመሪያ የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለ ቦታ ይቆማል፤ እርሱ ሲታይ እያንዳንዱ ሹም ቦታው የት እንደሆነ ያውቃል፣ ጠያቂም አያስፈልገውም። የንጉሡ ድንኳኖች በመጋረጃ አጥር ይከበባሉ። የዳኞች ድንኳን፣ የእስረኞች ድንኳን፣ የወጥ ቤቱ ድንኳን፣ የቤተ ክርስቲያኖቹ ድንኳን እየራሱ የታወቀ ስፍራ አለው። ገበያው ከመካከሉ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሲጓዙም ገበያው አብሮ ይጓዛል። በመንገድ ላይ ታቦታቱን ካህናት በትከሻቸው ይሸከማሉ፤ በሰንሰለት የታሰሩ የንጉሡ አንበሶችም አብረው ይሄዳሉ። የበቅሎውን ብዛት አልቫሬዝ ከ50,000 በላይ ያደርሰዋል።

ሥርዓቱ ከድንኳኑ ዕድሜ በላይ ቆይቷል። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ የሚሰፍሩበት ደንብ ወደ ሹመት ተለውጦ ማዕረጎቹ እስከ 1974 አብዮት ድረስ ተሰጡ፤ በመጨረሻው ዘመን ከተሸለሙት ሹማምንት ብዙዎቹ በሰፈር አድረው የማያውቁ ነበሩ።

በድንኳኑ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ዛሬ በመሥሪያ ቤት የሚሠራው ነው። ጸሐፌ ትእዛዙ የንጉሡን ቃል ይጽፋል፤ ርስትና ጉልት የሚሰጥበት ደብዳቤ ይዘጋጃል፣ ለአድባራት የሚሰጠው መሬት በወንጌል ዳር ይመዘገባል። አዋጅ በነጋሪት ይነገራል። ዳኞች በጠዋት ተሰይመው ክስ ይሰማሉ። ሹመት ፈላጊው በሰፈሩ ዳር ጎጆ ቀልሶ፣ ስንቁን እየጨረሰ፣ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ደጅ ይጠናል። መልእክት የሚሄደው በእግረኛና በበቅሎ ስለሆነ አንድ ትእዛዝ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ሰፈሩ ሦስት ቦታ ሊለዋውጥ ይችላል፤ መልእክተኛው ንጉሡን እየጠየቀ ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት አሠራር አገር ለዘመናት መያዙ የሚያስደንቅ ነው፤ ጉድለቱም ከዚያው ይጀምራል። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ከወራት ጉዞ በኋላ ለንደን ቢደርስም ያለ መልስ ተቀመጠ፤ የዚያ ዝምታ መዘዝ የመቅደላን ጦርነት አስከተለ።

ይህን ሁሉ የተሸከሙት ሰዎች በዜና መዋዕሎቹ ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይገኝም። ወታደሩ ጋሻና ጦሩን፣ በኋላም ጠመንጃውን ይዞ ይሄዳል፤ እህሉን፣ ምጣዱን፣ የጠጁን ጋንና የወፍጮውን መጅ ተሸክመው የሚከተሉት ሴቶች ነበሩ። በሚያድሩበት ቦታ ወንዱ ድንኳን ሲተክልና ሣር ሲያጭድ ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እህል ትፈጫለች፣ ትጋግራለች። ወፍጮው ሌሊቱን ሲፈጭ ያድራል። በሶና ቆሎ ለግስጋሴ ይበቃሉ፤ ለሳምንታት ሰፈር ግን በየቀኑ ትኩስ እንጀራ ያስፈልጋል፣ እንጀራ ደግሞ እሳት ይፈልጋል። የአንድ ዘመቻ ርዝመት የሚወሰነው በጦር አዝማቾች ምክር ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ሴቶች ክንድና ጀርባ ነበር ቢባል እውነት ነው። በዘመቻው ላይ የተሳተፉትን ሲቆጥሩ እነርሱን የሚዘሉ ጸሐፊዎች የሠራዊቱን ግማሽ ያህል ሳያዩ ያልፋሉ።

እሳቱ እንጨት ይበላል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአገሩ የኖረው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ነገሥታቱ ቦታ እንዲለውጡ ከሚያስገድዷቸው ነገሮች አንዱ የማገዶ ማለቅ መሆኑን ጠቅሷል። ሰፈሩ ደን ባለበት ይተከላል፣ ዙሪያውን ይጨርሳል፣ ሳይተካ ይሄዳል። በአካባቢው የሚኖረው ገበሬ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ደኑ ከመመናመኑ በላይ እህሉ ለሠራዊቱ ስንቅ ይወሰድበታል። ንጉሣዊ እንግዳ በሚያልፍበት መንገድ ያለ ባላገር ድርጎ የማቅረብ ግዴታ ነበረበት፤ ድርጎው ባልበቃ ጊዜ ወታደሩ ራሱ ይወስዳል። አፄ ቴዎድሮስ በንግሥናቸው መጀመሪያ ዝርፊያን ሊከለክሉ ሞክረው ነበር፤ ደመወዝና መጋዘን የሌለው ሠራዊት ግን ክልከላውን ሊያከብር አልቻለም።

መንኮራኩር በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚታየው በጣም ዘግይቶ ነው። ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን አንጥረኞች እንዲያቀልጡላቸው ያደረጉት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል፤ በቅሎም ሰውም አይሸከመውም። በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን ለቀው ሲነሡ መድፉ በመንኮራኩር ላይ ሆኖ በሰው ጉልበት ይጎተት ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ከሰው ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገድ እየተቆረጠ መቅደላ ለመድረስ እስከ መጋቢት 1868 ድረስ ፈጀ። በሌላ በኩል ቴዎድሮስን ለመውጋት ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ የተነሣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ሠራዊትም የድንኳን ሰፈር ነበር፤ ነገር ግን ከባሕሩ ዳር አጭር የባቡር ሐዲድና ወደ ውስጥ የሚዘልቅ የቴሌግራፍ ሽቦ ዘርግቶ፣ ከህንድ ባመጣቸው ዝሆኖች መድፉን ጭኖ መጣ። ከሁለቱ ሰፈሮች ልዩነት ትልቁ ምናልባት ሽቦው ነው፤ ናፒየር ከድንኳኑ ሆኖ ከኋላው ያለውን ስንቅ ያዝዝ ነበር፣ ቴዎድሮስ ግን አብዛኛውን ግዛታቸውን አጥተው ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የድንኳኑ ሥርዓት የመጨረሻ ታላቅ ባለቤትና አፍራሽ ናቸው። ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በ1886 ገደማ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወረዱ፤ እንጦጦ ብርዳምና ማገዶው የተመናመነ ነበር። አዲስ አበባም መጀመሪያ የተዘረጋችው በሰፈር ደንብ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ በጉብታው ላይ፣ መኳንንቱ እየራሳቸው ከነጭፍራቸው በየኮረብታው ዙሪያ። አንዳንድ የአዲስ አበባ ሰፈሮች እስከ ዛሬ በራሶችና በደጃዝማቾች ስም የሚጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው። በመስከረም 1895 የክተት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሁሉ ሰው እንደገና ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሰሜን ዘመተ። አድዋ ላይ በየካቲት 1896 መጨረሻ የተሰበሰበው ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ስንቁ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ሰፈሩ ራሱ ለመነሣት ይገደድ ነበር።

ከአድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባም እንደ ቀደሙት ሰፈሮች እንጨት አጣች። ምኒልክ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በሚባለው ቦታ አዲስ መዲና ማስገንባት ጀምረው ነበር፤ ኋላ ግን ሐሳቡ ተትቶ ቤተ መንግሥቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ከመነሣት ያዳናት በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ የሚያድግ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ማገዶ ሲገኝ ሰፈሩ ከተማ ሆኖ ረጋ። በተመሳሳይ ጊዜ ፖስታ በ1894 ተቋቋመ፣ የስልክ ሽቦም ከመዲናዋ ወደ አውራጃዎች ተዘረጋ፤ ንጉሡ በአንድ ቦታ ተቀምጠው የሩቅ ገዥዎችን ማናገር ቻሉ። ዛፉና ሽቦው ለዘመናት የቆየውን ልማድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ አስቀሩ።

ወደ ደቡብ የዘለቀው ግን ያው አሮጌው ሰፈር ነበር። የምኒልክ ጦር በ1890ዎቹ ሲዳማንና ጌዴኦን ሲይዝ የደረሰበት አገር የድንኳኑን ከተማ ተቃራኒ ሥርዓት ይዞ ነበር። በዘውዱ ዘመን ደራሳ አውራጃ ይባል የነበረው ጌዴኦ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ገደል ላይ የተንጠለጠለ፣ ቁልቁለቱ የበዛ፣ ሰው የሞላበት ደጋና ወይናደጋ ነው። እዚያ ደን፣ እርሻና ቤት አይለያዩም። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሾላና ሌሎች ረጃጅም ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በታች ቡናው ይበቅላል። የዛፉ ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያደልባል፣ ሥሩ ቁልቁለቱን ከመናድ ይይዛል። እንሰት በማንኛውም ወር ሊቆረጥ ይችላል፤ ሴቶች ፍቀው በጉድጓድ ያብላሉት ቆጮም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ጎተራው መሬቱ ውስጥ ስላለ ስንቅ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ሰሜናዊው ሰፈር ሰው ሲበዛበት ደኑን ጨርሶ ይነሣል፤ በጌዴኦ ሰው ሲበዛ ዛፉ ይተከላል፣ ምክንያቱም ያለ ዛፉ እንሰቱም ቡናውም አይኖርም።

የሚነሣ ቤተ መንግሥት ባይኖረውም ሕዝቡ ያለ መንግሥት አልነበረም። ባሌ በሚባለው ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ አባ ገዳው ከሽማግሌዎች ጋር ነገር የሚያየው ሶንጎ በሚባለው የጉባኤ ስፍራ ነው። ዛፍ መቁረጥ የተከለከለባቸው የአምልኮ ደኖች በየኮረብታው ይጠበቃሉ።

በዚህ አገር የሰፈረው ወታደር ድንኳኑን ነቅሎ አልሄደም። ገባር ተመድቦለት፣ ቤት ተሠርቶለት ቀረ፤ የጦር ሰፈሩም ወደ አስተዳደር ከተማነት ተለወጠ። ለተጓዥ ሠራዊት ለጥቂት ቀን ይቀርብ የነበረው ስንቅ በዓመቱ ሁሉ የሚከፈል ዕዳ ሆነ፤ ገበሬው እህልና ማር ያቀርባል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ሚስቱ ለነፍጠኛው ቤት ትፈጫለች። ቡና ዋጋ እያወጣ ሲሄድ መሬቱ ራሱ ተፈላጊ ሆነ። በ1960 የሚጭሌ ገበሬዎች በባለርስቶቹ ላይ ሲነሡ ከጀርባቸው የስልሳ ዓመት ገደማ ዕዳ ነበር።

የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ባልቻ ሣፎ የዚህ ዘመን ትልቁ ሰው ናቸው። ዋና ሰፈራቸው ሀገረ ሰላም ሆኖ ከደቡቡ ቡና በተገኘ ሀብት የራሳቸውን ጦር ያኖሩ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1928 ወደ አዲስ አበባ ሲጠሯቸው 10,000 ያህል ሰው አስከትለው መጥተው ከከተማዋ ውጭ ንፋስ ስልክ ላይ ሰፈሩ። እርሳቸው ቤተ መንግሥት ግብር ላይ ሳሉ ራስ ካሣ ወደ ሰፈሩ ሄደው ወታደሩን በገንዘብ አሰናበቱት። ባልቻ ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ሜዳ ነበር፤ በቦታቸውም ሌላ ገዥ ተሾመ። ቤተ ክርስቲያን ተጠግተው በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። በድንኳን ብዛት የሚለካ ሥልጣን ያለ አንድ ጥይት ያበቃው በዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ባልቻ ራሳቸው ከእስርና ከምንኩስና ኑሮ ወጥተው በ1936 ጣልያንን ሲዋጉ ወደቁ።

ከወታደሩ ቀጥሎ በጌዴኦ ድንኳን የተከሉት ተመራማሪዎች ናቸው። ካፑቺናዊው አባ አዛይስ ከሮዤ ሻምባር ጋር በ1920ዎቹ በበቅሎ ሲራራ ደቡቡን ዞረው በአካባቢው የቆሙትን ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች መዘገቡ፤ መጽሐፋቸው በ1931 ፓሪስ ላይ ወጣ። በ1934 እና 1935 ደግሞ አዶልፍ ኤሌጋርድ የንሰን የሚመሩት የጀርመኑ ፍሮቤኒዩስ ተቋም ጓድ መጣ፤ ሠዓሊው አልፍ ባይርሌ አብሯቸው ነበር። ፎቶግራፍ፣ ሥዕልና የሽማግሌ ቃል በየምሽቱ በፋኖስ ብርሃን እየተመዘገበ ወደ ፍራንክፈርት ተሻገረ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ጣልያን በወረረ ማግስት የተለወጠውን አገር ከመለወጡ በፊት አይተውታልና። ሆኖም መንገድ የመሯቸው፣ የተረጎሙላቸውና ስንቅ ያቀረቡላቸው የአካባቢው ሰዎች በመጽሐፎቹ ውስጥ የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም።

በ1990ዎቹ ሮዤ ዡሶም ቱቱ ፈላን ቆፍረው ትክል ድንጋዮቹ በመቃብር ላይ የቆሙ መሆናቸውን አሳዩ። አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቻቸው በ2021 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ሳካሮ ሶዶ የሚገኙት ድንጋዮች እስከ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ እንደሚዘልቁ ገለጹ፤ ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ይበልጣል። ይህ ለቋሚና ተጓዥ ኑሮ ታሪክም ትርጉም አለው። እነዚህን ድንጋዮች ፈልፍሎ፣ ጎትቶ፣ በሺህ በሚቆጠር ብዛት በተራራ ትከሻ ላይ ማቆም በቦታው ለትውልዶች የሚቆይ ወይም ደጋግሞ የሚመለስ ሕዝብ ይጠይቃል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ትክል ድንጋዮቹ፣ የአምልኮ ደኖቹና የእንሰትና ቡናው እርሻ በአንድነት ተመዘገቡ።

ዛሬ በጌዴኦ የሚያልፈው ተጓዥ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በጌዴኦዋ ዲላ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ከካይሮ ኬፕታውን የሚደርሰው አህጉራዊ መስመር ክፍል ነው። በኬንያ በኩል ያለው ከማርሳቢት እስከ ሞያሌ ያለ ክፍል አስፋልት ከለበሰ ወዲህ አልጋና ምድጃ በተገጠመላቸው መኪኖች አፍሪካን የሚያቋርጡ ሰዎች በጌዴኦ ማለፍ ቀሎላቸዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ እያሉ በኮምፒውተር ሥራቸውን የሚሠሩ ናቸው። ከመኪና መስኮት ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚመስላቸው ነገር ግን ባለቤት የሌለው ጫካ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ጥላ ሥር ጎጆ፣ እንሰትና ቡና አለ፣ ዛፉም የአንድ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አዳራቸው በአብዛኛው በዲላና በይርጋ ጨፌ የሆቴል ግቢ ነው።

በጌዴኦ ውስጥ በጨለለቅቱና በኮቸሬ ወረዳ ግን የድንኳን ነገር ሲነሣ የአካባቢው ሰው የሚያስታውሰው ቱሪስት አይደለም። በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ ኮቸሬ ከተቀበሏቸው ወረዳዎች አንዱ ነበር። ሰዎች በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በላስቲክ መጠለያ ለወራት ሰፈሩ፤ ማገዶ እንደገና ችግር ሆነ፣ በክረምቱ ዝናብ በሽታ ተዛመተ። በቆይታው ርዝመት ሳይሆን በሰው ብዛት ሲለካ በጌዴኦ ታሪክ ከሚታወቁት ሰፈሮች ሁሉ ትልቁ ምናልባት ይህ የተፈናቃዮች ሰፈር ነው፤ ሊጻፍ የሚገባውም በዚያ መጠን ነው።

በየዓመቱ የሚመለሰው የሥራ ሰፈር ግን የቡናው ነው። ከመስከረም በኋላ ቀይ እሸት መለቀም ሲጀምር በኮቸሬና በይርጋ ጨፌ ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ይከፈታሉ። ፈልፋዮች፣ አጣቢዎች፣ ለቃሚ ሴቶች፣ የሂሳብ ሠራተኞችና ዘበኞች ለሦስት አራት ወር በዚያው ይከርማሉ። የታጠበው ቡና በእንጨት አልጋ ላይ ተዘርግቶ ቀን ይገለባበጣል፣ በቀትር ፀሐይና በሌሊት ጤዛ ይሸፈናል፤ ዘበኛው በአልጋዎቹ መካከል በሸራ ጎጆ ያድራል። የጣቢያው ኃላፊ የዕለቱን የእሸት ዋጋና የገባውን ኪሎ አዲስ አበባ ላለው ላኪ በስልክ ያሳውቃል፤ የነገው የግዢ ገንዘብ በዚያ ጥሪ ይወሰናል። እሸቱ ሲያልቅና የመጨረሻው ቡና ደርቆ ሲጫን ሠራተኛው ይበተናል፤ በጣቢያው የሚቀሩት ጥቂት ጥበቃዎችና ለቀጣዩ ዓመት የሚጠገኑ አልጋዎች ናቸው።